የእማዬ ዳንቴሎችና የቀዳዳው ነገር

ቤት ስቀይር እማዬ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ አልጋው በበሩ ገባ ወይ፣ ውሃ አለ ወይ ምናምን አይደለም። «ዳንቴሎቹን መቼ ነው የምትወስጂልኝ?» ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር መውሰድ አልፈለግኩም። «እማዬ ቤቱ እኮ ትንሽ ነው» አልኳት። «ዳንቴል ቦታ ይፈጃል እንዴ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው። በሳምንቱ እህቴ አንድ ትልቅ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች፣ ውስጡ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለሉ ሃያ ሦስት ዳንቴሎች፣ ክብ፣ ሞላላ፣ አራት ማዕዘን፣ አንዱ ደግሞ ለምን እንደተሠራ እስካሁን ያልገባኝ ረጅም ቀጭን ነገር (እህቴ የፒያኖ ነው ትላለች፣ ፒያኖ ኖሮን አያውቅም)።

ከዳንቴል ጋር የተጣላሁት አስራ አራት አስራ አምስት ዓመቴ አካባቢ ነው። ያኔ ቴሌቪዥናችን ያ ከኋላው ትልቅ ጉብታ ያለው አይነት ነበር፣ ከላዩ ዳንቴል ለብሷል፣ የዳንቴሉ ጫፍ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ወደ ስክሪኑ ይወርዳል፣ እና ፊልም ስናይ የሰውየው ግንባር ላይ ሁሌም ዳንቴል አለ። ጓደኞቼ ሊመጡ ሲሉ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ ማታ ስመለከት ቦታው ላይ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። እማዬ አንድም ቀን አልተናገረችኝም፣ እኔም ምንም አላልኩም፣ እንዲሁ ስናነሳና ስናስቀምጥ ዓመታት አለፉ። የሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ሬዲዮው ላይ፣ ስልኩ ስር፣ ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ ስር፣ በቃ ቤት ውስጥ ጠፍጣፋ የሆነ ነገር ሁሉ ዳንቴል ይለብስ ነበር፣ ብዙ ከተቀመጥኩ እኔንም የምታለብሰኝ ይመስለኝ ነበር። ከዛ ፍላት ስክሪን መጣና ጦርነቱ በራሱ ጊዜ አለቀ። አንድ ጣት በማይሞላ ጠርዝ ላይ ምን ይቀመጣል? እማዬ ሳምንት ያህል ታገለችው፣ በየቀኑ ተንሸራቶ ከኋላ ሲወድቅባት ተወችው።

ፌስታሉ አንድ ወር ሙሉ በሩ ጥግ ቆመ። አንድ ቅዳሜ ጸጸት ቢጤ ሲሰማኝ ትልቁን ክብ ዳንቴል አወጣሁና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ጠረጴዛዬ ነጭ ነው፣ ግድግዳው ነጭ ነው፣ ዳንቴሉም ነጭ ነው። ምንም የለም በቃ። ፎጣ የተዘረጋ ነው የሚመስለው። እማዬ ስንት ማታ ዓይኗን ያጠፋችበት ነገር እንዲህ ሆኖ ሳየው እሷን ራሷን ያሳነስኳት መሰለኝና አነሳሁት፣ ለማጣጠፍ ሰነፍኩና ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አድርጌው ወጣሁ። ወንበሩ ጥቁር ቡናማ እንጨት ነው፣ ከቀድሞ ተከራይ የቀረ። ማታ ገብቼ መብራቱን ሳበራ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ዳንቴል ሃያ ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬ ለካ አላየሁትም፣ መሃሉ ላይ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ አለው፣ አበባውን የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከቦታል፣ ከድሩ ቀጥሎ እየሾሉ የሚሄዱ የአናናስ ቅርጾች፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ትንንሽ ማዕበል። ይሄን ሁሉ ያወጣልኝ ጥቁሩ እንጨት ነው። ክሩ የሚሠራው ግማሹን ሥራ ነው ለካ፣ ሌላውን ግማሽ የሚሠራው በቀዳዳው ሾልኮ የሚታየው ነገር ነው፣ ከኋላው ምንም ከሌለ ዳንቴልም የለም።

ከዛ ቀን ጀምሮ ነው እንግዲህ እብደቱ የጀመረኝ። ሰው ለምን ይሄን ነገር አምስት መቶ ዓመት ሊያህል ቤቱ ውስጥ ያዘው? ፋሽን ስንቱን ጠርጎ ሲወስድ ዳንቴል በየሃያ ዓመቱ «የአሮጊት ነገር» ይባላል፣ ከዛ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ማንበብ ጀመርኩ፣ ለሊት ስምንት ሰዓት ድረስ።

ቃሉን ራሱ ብትወስዱት የኛ ዳንቴል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ትንንሽ ጥርሶች ማለት ነው፣ በጠርዙ ቅርጽ የወጣ ስም። እንግሊዞቹ ሌስ የሚሉት ደግሞ ከላቲን ሸምቀቆ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አንዱ ጥርሱን ሲያይ ሌላው ሸምቀቆውን አየ፣ እኔ ደግሞ ሁለቱም ቀዳዳውን ረሱት ባይ ነኝ። የጥንቶቹ ባለሙያዎች ግን አልረሱትም። መጀመሪያ ላይ የነበረው ሙሉ ጨርቅ ነው፣ ከጨርቁ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆርጡና ባዶውን በመርፌና በክር ያስጌጡታል፣ ሲለምዱት ቆረጣውን እያሰፉት፣ ጨርቁ እያነሰ ባዶው እየበዛ ሄደ፣ በመጨረሻ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ቬኒስ ላይ ጭራሽ ጨርቁን ተዉትና በብራና ላይ የተነደፈ ስዕል ተከትለው ክሩን ብቻ እርስ በርሱ እያያያዙ መሥራት ጀመሩ። ስሙን ምን አሉት? ፑንቶ ኢን አሪያ፣ አየር ላይ የተሰፋ ስፌት። እኔ ይሄን ሳነብ ለብቻዬ እጮህ ነበር፣ አየር ላይ! ሌላ ሙያ ሁሉ እየጨመረ ነው የሚያምረው፣ ይሄኛው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ባዶ ቦታን ጌጥ አደረገው።

በዛው ዘመን ፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጂየም) አካባቢ ደግሞ ሌላ አይነት ነበረ፣ ክር የተጠመጠመባቸው በርካታ ትንንሽ እንጨቶች ጠንካራ ትራስ ላይ ተንጠልጥለው፣ ትራሱ ላይ በስፒል የተወጋውን ንድፍ እየተከተሉ አንዱን በአንዱ ላይ ማሻገርና መጠምዘዝ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት ፒያኖ የሚመታ ሰው ነው የሚመስለው (እህቴ ይሄን ስነግራት «አየሽ፣ የፒያኖ ነው ብዬሽ ነበር» አለችኝ)። ዋጋው በጊዜው ለንጉሥና ለጳጳስ ካልሆነ አይቀመስም ነበር። የፈረንሳይ ገንዘብ ለዳንቴል ሲባል ወደ ቬኒስና ወደ ፍላንደርስ ሲፈስ የሉዊ 14ኛው ሚኒስትር ኮልቤር አላስችል ብሎት እ.ኤ.አ. በ1665 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በተለያዩ ከተሞች የሀገር ውስጥ ዳንቴል ሥራ አቋቋመ፣ ከቬኒስ ባለሙያ ሴቶች ጭምር አስመጥቶ። ከነዚህ ከተሞች አንዷ አላንሶን ናት፣ የሷ የመርፌ ዳንቴል በ2010 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል፣ እዛ ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው ያደነዘዘኝ፦ ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 7 ሰዓት። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ማለት የትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ነው። ካልኩሌተር አወጣሁ፣ ብርጭቆ የምታስቀምጡባት 10 በ10 የሆነች ቁራጭ 700 ሰዓት ትፈጃለች፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ ወደ ሦስት ወር ማለት ነው። እዛ ላይ ብርጭቆ የሚያስቀምጥ ሰው ልብ የለውም።

እና እንዴት ነው ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር የኔ እናት ሬዲዮ ላይ የደረሰው? ይሄኛው ታሪክ ደስም ያሰኛል ያሳዝናልም። ጆን ሂትኮት የሚባል እንግሊዛዊ በ1809 የዳንቴሉን መረብ የሚሠራ ማሽን አስመዘገበ፣ በእጅ ያን መረብ ሲሠሩ የሚውሉ ሰዎች ደሞዝ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። በ1816 ሉዳይቶቹ (ማሽን እንጀራችንን ነጠቀን ብለው ማሽን የሚሰባብሩ ሠራተኞች) ላፍቦሮ ያለው ፋብሪካው ሌሊት ገብተው 55 ማሽን ሰባብረውበት ሄዱ፣ እሱም ጠቅልሎ ቲቨርተን ወደምትባል ከተማ ተሰደደ። ማሽኑ ግን አልቆመም፣ በ1813 ሊቨርስ የተባለው ሰውዬ ሌላ ሠርቶ ነበር፣ እሱ ላይ ቆየት ብሎ የዣካርድ ካርድ (በቀዳዳዎቹ ለማሽኑ ስዕሉን የሚነግረው) ሲገጠምለት አበባና ቅጠሉን ሁሉ ይሠራ ጀመር፣ በ1846 ደግሞ ጆን ሊቭሲ ኖቲንግሃም ውስጥ መጋረጃ ብቻ የሚሠራውን ማሽን አወጣ። አስቡት፣ የመስኮት ዳንቴል መጋረጃ «የድሮ የእጅ ሥራ» ይመስለናል እንጂ በተራ ሰው ቤት የገባው በፋብሪካ በኩል ነው። ንጉሥ አንገቱ ላይ ያደርገው የነበረውን ነገር ሠራተኛው መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ዳንቴል ዛሬም ቤት ውስጥ የሚሰጠው ስሜት ይሄው ነው፣ ያልደረስንበትን ወግ ለራሳችን ማዕረግ አድርገን መስጠት።

የእማዬ ግን የማሽንም አይደለም፣ የቬኒስም አይደለም፣ የኪሮሽ ነው። ጥብቅ የሆኑት የዳንቴል ሰዎች ኪሮሽን ጭራሽ ዳንቴል አይሉትም፣ ጥፍራቸውን ይቁጠሩ እነሱ። በ1840ዎቹ አየርላንድ ላይ የድንቹ ረሃብ ሲገባ መነኮሳት ለሴቶች ኪሮሽ አስተማሩ፣ የቬኒሱን የመርፌ ዳንቴል በኪሮሽ አስመስለው ሲሠሩት ፍጥነቱ ብዙ እጥፍ ሆነ፣ መሣሪያው አንዲት ቆልማማ ዘንግ ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ስንቱ ቤተሰብ በሷ ነፍሱን አቆየ። እና አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ገበያ ላይ የምታዩት እውነተኛ ኪሮሽ የሰው እጅ የሠራው ነው፣ ማሽኑ የሚያመርተው ኪሮሽ የሚመስል ነገር ነው እንጂ ኪሮሽ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰፊ የኪሮሽ ጠረጴዛ ልብስ በማይረባ ዋጋ ተሰቅሎ ካያችሁ የሆነ ቦታ አንዲት ሴት በሰዓት ስንት እንደተከፈላት አስቡ። እኔ አሁን እንደዛ አይነት አልገዛም፣ ወይ የማሽኑን በማሽንነቱ እገዛለሁ ወይ የእጁን በእጅ ዋጋው።

የሶፋው ነገር ደግሞ ብቻውን አንድ ፖስት ይወጣዋል። የሶፋ መደገፊያ ላይ ለምን ዳንቴል እንደሚደረግ ገብቷችሁ ያውቃል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንዶቹ ማካሳር የሚባል የጸጉር ቅባት ይለቀለቁ ነበር፣ ስሙ ኢንዶኔዥያ ካለው ወደብ ነው የመጣው፣ ታዲያ እንግዳ ተቀምጦ ሲነሳ ሶፋው ላይ የጭንቅላቱን ቅርጽ ትቶት ይሄዳል፣ ሴቶቹ መላ ሲያጡ ታጥቦ የሚመለስ ጨርቅና ዳንቴል እዛ ላይ ጣል አደረጉ፣ ስሙም አንቲማካሳር፣ ጸረ ማካሳር በሉት። ይሄን ለእማዬ ስነግራት አልተገረመችም። «ታዲያ አጎትሽን አላየሽውም እንዴ?» ነው ያለችው። አጎቴ ቫዝሊን ይቀባ ነበር፣ ቀኝ በኩል ያለችው ሶፋ የሱ ናት፣ እዛ ላይ ያለው ዳንቴል ነው በየሳምንቱ የሚታጠበው። እኔ ጌጥ መስሎኝ ስናደድበት የኖርኩት ነገር መከላከያ ነበር፣ ሃሃ።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ቀጥሎ የሄድኩት መስኮቱ ላይ ነው፣ ከኋላው ብርሃን ያለበት ቦታ ከመስኮት የተሻለ የት አለ? ለዚህ የእማዬን አልነካሁም፣ ፀሐይ የጥጥ ክርን ቀስ በቀስ ትበላዋለች፣ ዓመት ሁለት ዓመት መስኮት ላይ የቆየ ጥጥ ስታወርዱት እጃችሁ ላይ ሊበጣጠስ ይችላል። በሜትር የሚሸጥ የማሽን ዳንቴል ገዛሁ። ሻጩ «የመስኮትሽን ስፋት እጥፍ ውሰጂ» አለኝ፣ እኔም ሁለት እጥፍ ወሰድኩ፣ ስሰቅለው ስዕሉ በሙሉ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፣ ተራ ነጭ ጨርቅ። እጥፍ የሚባለው ስዕል ለሌለው ስስ መጋረጃ ይሠራል፣ ስዕሉን ማየት ከፈለጋችሁ ግን አንድ ተኩል አካባቢ በቂ ነው፣ አንዳንዱ ትልቅ ስዕል ያለው ጭራሽ ሳይሸበሸብ ዝርግ ብሎ ቢሰቀል ነው የሚያምር። ግማሹን ቆርጬ ለእህቴ ሰጠኋት።

መስኮት ላይ ሲሆን አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፣ እኔ በውርደት ነው የተማርኩት። ቀን ላይ ውጪው ከቤቱ ይበልጥ ብሩህ ስለሆነ እናንተ በዳንቴሉ አሾልካችሁ ውጪውን ታያላችሁ፣ ከውጪ ያለው ሰው ግን ፀሐይ ያረፈበትን ነጭ ክር ነው የሚያየው፣ ከኋላው ያለው ጨለማ ነው። ሲመሽ መብራት ስታበሩ ነገሩ ይገለበጣል። ብሩሁ እናንተ ናችሁ። እኔ ይሄን ሳላስብ ሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ በፒጃማ እየዘፈንኩ ሳጸዳ ነበር፣ አንድ ቀን ፊት ለፊት የሚኖሩ ትልቅ ሴትዮ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ሌላም ወፈር ያለ መጋረጃ ጨምሪበት» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አላሉም። አሁን ከውስጥ በኩል ወፍራም አለው። ግን ቀን ላይ፣ በተለይ ወደ አስር ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ዘመም ሲል፣ የዳንቴሉ ጥላ ወለሉ ላይ ይወድቅና ቀስ እያለ ወደ አልጋው ይሄዳል፣ እኔ አንዳንዴ ሥራዬን ትቼ እሱን ነው የማየው። ቤቴ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ውዱ የሚመስለኝ ያ ጥላ ነው፣ እና ዕቃ እንኳን አይደለም።

መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ደግሞ መጋረጃ መስቀል አይቻልም (አከራዬ እዛ ግድግዳው እንዲበሳ አይፈልጉም)፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ሞከርኩ፣ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ አሟሙቶ፣ የፈላ ውሃ እያፈሰሱ እስኪወፍር ማማሰል፣ ሲበርድ መስታወቱን በብሩሽ መቀባት፣ በልኩ የተቆረጠ ርካሽ ዳንቴል መለጠፍና ከላይ ደግሞ መቀባት። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይጣበቃል፣ ሲሰለቻችሁ በሙቅ ውሃ ታርሶ ይላጣል፣ መስታወቱ ላይ ምንም አይተውም። እውነቱን ለመናገር በእንፋሎቱ ምክንያት የታችኛው ጥግ በየጊዜው ይላቀቅብኛል፣ ሁለቴ መልሼ ለጥፌዋለሁ፣ ሳሎን ቢሆን ኖሮ ግን የሚላቀቅ አይመስለኝም። አባዡር ላይ የሚያደርጉም አሉ፣ ጥላው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ልዩ ነው፣ ብቻ እባካችሁ ኤልኢዲ አምፖል ተጠቀሙ፣ የድሮው የሚያግለው አምፖልና ሙጫ የተቀባ ክር አንድ ላይ አይሄዱም።

አሁን ወደ ወንጀሌ። ከሃያ ሦስቱ ውስጥ አራቱ ቢጫ ሆነው ነበር፣ እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ፣ በረኪና። በደንብ ነጭ ይሁን ብዬ ሌሊቱን ዘፈዘፍኩት። ጠዋት እውነትም ነጭ ሆኗል፣ በጣም ነጭ፣ ከውሃው ሳነሳው ግን አንዱ በራሱ ክብደት መሃሉ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ለቀቀ። አበባው አንድ በኩል፣ ጠርዙ አንድ በኩል። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አላጋነንኩም። በረኪና ነጭ የሚያደርገው ክሩን እየበላ ነው፣ በአሮጌ ጥጥ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚበላው ነገርም ብዙ አልቀረውም። ለእማዬ ሦስት ቀን ደበቅኳትና በመጨረሻ ደወልኩ። ዝም አለች፣ ከዛ «የትኛው ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እሱን እንኳን ስጀምር ነው የሠራሁት፣ ያኔም ክሩ ርካሽ ነበር» አለች፣ ውሸቷን እንደሆነ አውቃለሁ።

ትክክለኛውን አጣጠብ ያሳየችኝ መጥታ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ መዘፍዘፍና ውሃውን መቀየር፣ ቢጫ እያደረገ ሲወጣ ደግሞ መቀየር፣ ማሸትም መጭመቅም የለም፣ ሲወጣ በሁለት እጅ ከስር ደግፎ ነው እንደ ሕፃን። ፎጣ ውስጥ ጠቅልሎ ውሃውን ማስመጠጥ፣ ከዛ ዋናው ሥራ፣ ወፍራም ፎጣ ላይ ዘርግቶ እያንዳንዷን ጥርስ እየሳቡ በስፒል መወጠር፣ ስፒሉ የማይዝግ መሆን አለበት፣ የዛገ ከሆነ ቡናማ ነጥብ ይተዋል፣ ያ ነጥብ በቀላሉ አይለቅም። ካውያ ካስፈለገም በጀርባው በኩል፣ ፎጣ ላይ፣ አበባው እንዳይደፈጠጥ። ቀጥ እንዲል ስታርች ወይም እናቶቻችን አሚዶ የሚሉትን ቀለል አድርጎ ነው። የስኳር ውሃም የሚጠቀሙ አሉ፣ ቀጥ በማድረግ ስታርችን ያስንቃል፣ ግን ነፍሳት ይጠራል፣ እኔ አይሆነኝም። ስታስቀምጡትም አታጣጥፉት፣ እጥፋቱ ላይ ነው መጀመሪያ የሚበጠሰው፣ ጠቅልሉት። ለካ አንሶላው ውስጥ ተጠቅልለው የመጡት ለዚህ ነው፣ እኔ ካርቶን ጠፍቶ መስሎኝ ነበር።

አሁን የት የት እንዳሉ ልንገራችሁ። ከሃያ ሦስቱ ሦስት ነው ያወጣሁት፣ ሦስት ብቻ። አናናሱ ያለው ወንበሩ ላይ ሳይሆን ከወንበሩ ጋር የሚመሳሰል ጥቁር እንጨት ሳጥን ገዝቼ እሱ ላይ ነው፣ ምንም ነገር አልተቀመጠበትም፣ ማሰሮ የለ፣ ፎቶ የለ፣ ፕላስቲክ አበባ የለ። ሁለተኛው ጥቁር አረንጓዴ ቬልቬት ላይ ተደርጎ ፍሬም ውስጥ ገብቷል፣ ሙጫ ሳይነካው በክር ብቻ ነው ጨርቁ ላይ የተያዘው፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለሱ ነው፣ አንዱ ጓደኛዬ ኤክስሬይ ነው ብሎ አሰበ። ሦስተኛው ያ በበረኪና የተቀደደው ነው። ሁለቱን ግማሽ ሳልሰፋው ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፣ ግድግዳውን ያን ቦታ ብቻ ድቡልቡል አድርጌ ሰማያዊ ቀብቼ (አከራዬ ቀለም ይፈቅዳሉ)። የቀሩት ተጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው፣ በየጊዜው እቀያይራለሁ። ያለንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስናወጣ ነው ዳንቴል የሚያስጠላው፣ ዳንቴል ላይ ሌላ ዳንቴል፣ ከዛ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሰሃን፣ ከዛ አበባ ያለው ሶፋ፣ ዓይን የሚያርፍበት ሲያጣ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። እማዬ ላይ የማልስማማው በዚህ ብቻ ነው አሁን።

እና የመጨረሻው ነገር። ከአንሶላው ስር፣ ከሁሉም በታች፣ ያላለቀ አንድ ነበር፣ ኪሮሹ እንደተሰካበት፣ የክር ኳሱ ከነአቧራው። «እሱን ለምን ተውሽው?» ስላት «ስቆጥር ስልክ ተደወለና ጠፋብኝ» አለች፣ መቼ ስላት «አንቺ ስትወለጂ አካባቢ»። ቬኒስ አጠገብ ቡራኖ የምትባል ደሴት ላይ በ1872 የዳንቴል ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ጥበቡን የሚያስታውሱ የቀሩት አንዲት አሮጊት ነበሩ አሉ፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ እማዬ ስትቆጥር መስማት አላስቻለኝምና «አስተምሪኝ» አልኳት። ክብ ነው የሚጀመረው። ዙሩን ዝርግ ለማድረግ በየዙሩ እኩል መጨመር አለባችሁ፣ በቀላሉ አሠራር በስድስት ጀምሮ በየዙሩ ስድስት ነው፣ ካነሰ ወደ ላይ እየታጠፈ ጎድጓዳ ይሆናል፣ ከበዛ እንደ ጎመን ይሸበሸባል። የኔ ጎደጎደ። አራት ዙር ስሠራ ኮፍያ ሆነ፣ አምስተኛው ላይ ስኒ መሰለ። እማዬ አንስታ አገላብጣ አየችው፣ ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት «ቁጠሪ እንጂ» አለችኝ።

አሁን በሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ቁልፌን እሱ ውስጥ ነው የምጥለው። ባለፈው ስትመጣ ቁልፉን አወጣችና ከስሩ ትንሽዬ ክብ ዳንቴል አነጠፈችለት።